ከመንደርደሪያው በፊት ግምገማው፡- የአቡሴራ አውሮፕላን ማረፊያ ለአርሲ አርሶ አደርና ለወረዳ አመራር የሚያስተምረው

ከአሰላ ስንዴ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መኪና አዳማንና ሞጆን አልፎ ቢሾፍቱ ሲደርስ የአድአን ሜዳ ያገኛል። ሜዳው በጥቁር አፈሩና በማኛ ጤፉ የታወቀ ነው። በ1998 ዓ.ም. ገደማ ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ወጥቶ በአገሪቱ የተስፋፋው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያም የዚሁ አካባቢ ፍሬ ነው። በዚሁ አካባቢ፣ አቡሴራ በሚባለው ሥፍራ፣ በአፍሪካ ትልቁ ይሆናል የተባለው አውሮፕላን ማረፊያ ግንባታ ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. በጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በይፋ ተጀምሯል።

ጉዳዩ የቢሾፍቱ ነዋሪዎች ብቻ እንዳልሆነ ለአርሲ አርሶ አደር ግልጽ ነው። መንገዱ አንድ ነው፤ የአዋሽ ተፋሰስ አንድ ነው፤ የእህልና የከብት ገበያውም የተሳሰረ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዛሬ በአድአ የተነሳው ጥያቄ ነገ መንገድ፣ ግድብ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም የድንጋይ ካባ በሚመጣበት በማንኛውም ወረዳ መነሳቱ አይቀርም። ጥያቄውም ይህ ነው፡- ትልቅ ልማት ወደ እርሻ መሬት ሲመጣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚባለው ሥራ መቼ ይሠራል፣ ምን ይመረምራል፣ አርሶ አደሩስ በውስጡ ምን ድርሻ አለው?

ፕሮጀክቱ ለምን አስፈለገ?

የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የማስፋፊያ ሥራው በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ በዓመት 22 ሚሊዮን ያህል መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታስቦ ነበር። ሆኖም የኢትዮጵያ አየር መንገድ እድገት ፈጣን በመሆኑ ማረፊያው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአቅሙ ጫፍ እንደሚደርስ ተገልጿል። ዙሪያውን ከተማ ስለከበበውም ተጨማሪ መንደርደሪያ የሚዘረጋበት ቦታ የለውም።

ሌላው ምክንያት ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺ 300 ሜትር በላይ ላይ ይገኛል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላን ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ አለዚያም ጭነት ወይም ነዳጅ መቀነስ ይኖርበታል። የቢሾፍቱ አካባቢ ግን ከቦሌ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ይላል። ሥፍራው የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የአየር መንገዱ የወቅቱ ኃላፊ በጥር 2012 ዓ.ም. ዕቅዱን ሲያስተዋውቁ ማረፊያው 35 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት እንደሚሸፍንና 5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚፈጅ ተናግረው ነበር። ግንባታው ሲጀመር ወጪው 12 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ተገልጿል። ሲጠናቀቅ አራት መንደርደሪያዎች እንደሚኖሩትና በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንደሚያስተናግድ ይጠበቃል። የአፍሪካ ልማት ባንክም በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከአየር መንገዱ ጋር ስምምነት ፈርሞ ብድር የማሰባሰቡን ሥራ በመሪነት ይዟል።

ጥቅሙ ለግብርናው ዘርፍም ሩቅ አይደለም። ከባቱና ከቢሾፍቱ አካባቢ የሚወጣው አበባ ለውጭ ገበያ የሚቀርበው በአውሮፕላን ነው። የጭነት አቅም ሲሰፋ ቶሎ የሚበላሹ ምርቶች የተሻለ ዕድል ያገኛሉ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛና መንገደኛ የሚመገበው ወተት፣ ሥጋ፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርትም ለአርሲ ደጋ አርሶ አደር ቅርብ ገበያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ክርክሩ ልማቱ ይምጣ ወይስ ይቅር የሚል አይደለም። እንዴት ይምጣ፣ ዋጋውን ማን ይክፈል፣ ጉዳቱስ አስቀድሞ እንዴት ይቀነስ የሚል ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍና ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ያስቀምጣል። አንቀጽ 44 ደግሞ መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ ማካካሻ፣ ወደ ሌላ ቦታ መዘዋወርን ጨምሮ፣ እንዲያገኙ ይደነግጋል።

ይህን መሠረት አድርጎ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ዋና መልእክቱ ቀላል ነው። ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ከአካባቢ ጥበቃ ተቋም ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ መጀመር አይችልም። የኢንቨስትመንት ወይም የሥራ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤትም ይህ ይሁንታ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት መሆን፣ በተለይም ተጽዕኖው የሚያርፍበት ማኅበረሰብ አስተያየት መሰብሰብ ይኖርበታል። በተሰጠው ፈቃድ ላይ ቅሬታ ያለው ሰው አቤቱታ የሚያቀርብበት መንገድም በአዋጁ ተቀምጧል።

አዋጁ ያለ ፈቃድ ሥራ የጀመረን ወይም በሪፖርቱ ሐሰት ያቀረበን ከ50 ሺ እስከ 100 ሺ ብር ይቀጣል። ይህ መጠን ከ20 ዓመት በፊት ከባድ ሊመስል ይችላል፤ ዛሬ በቢሊዮን በሚቆጠር ፕሮጀክት ፊት ግን ከአንድ ገልባጭ መኪና የጥገና ወጪ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ የሕጉ እውነተኛ ጉልበት ያለው ከመጀመሪያው ፈቃድ ባለመስጠትና የተሰጠውን በማገድ ላይ ነው። ይህ ጉልበት ደግሞ የሚሠራው ግምገማው ከቁፋሮው ሲቀድም ብቻ ነው። ዶዘር መሬቱን ካረሰ በኋላ የሚጻፍ ሪፖርት የሆነውን ይመዘግባል እንጂ የሚሆነውን አይለውጥም።

የአበዳሪዎች ደንብም በዚሁ አቅጣጫ የሚሄድ ነው። በአፍሪካ ልማት ባንክ አሠራር ከፍተኛ ተጽዕኖ ያለው የመንግሥት ፕሮጀክት የግምገማ ሪፖርት የባንኩ ቦርድ ከመወሰኑ 120 ቀናት ቀድሞ ይፋ መሆን አለበት። በግል ዘርፍ መስኮት ለሚቀርብ ፕሮጀክት ጊዜው 60 ቀናት ነው። ጉዳት ደረሰብኝ የሚል ማኅበረሰብ አቤቱታውን የሚያቀርብበት ራሱን የቻለ ክፍልም ባንኩ አለው። ይህን የሚያውቅ የወረዳ አመራር ለነዋሪው ተጨማሪ በር ከፈተ ማለት ነው።

ግምገማው ከአርሶ አደሩ ዓይን

ብዙ ጊዜ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሲባል በመቶዎች የሚቆጠር ገጽ ያለው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈና መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ጥራዝ ይታሰባል። ለአርሶ አደሩ ግን የሚመለከቱት ጥያቄዎች ጥቂትና ተጨባጭ ናቸው።

የመጀመሪያው መሬት ነው። 35 ካሬ ኪሎ ሜትር ማለት 3 ሺ 500 ሔክታር ነው። ይህ ሁሉ የጤፍ ማሳ ቢሆንና ከሔክታር 20 ኩንታል ቢገኝ በዓመት 70 ሺ ኩንታል ይሆናል። ለአንድ ሰው በዓመት 2 ኩንታል እህል ቢታሰብ የ35 ሺ ሰው ቀለብ ነው። ስሌቱ ለማሳያ የቀረበ እንጂ የተለካ ምርት አይደለም። ዓላማው ግምገማው ሊያነሳው የሚገባውን ጥያቄ ማሳየት ነው፡- ይህ ምርት ከየት ይተካል? በሌላ ወረዳ ምርታማነትን በማሳደግ ከሆነ ለዚያ ወረዳ ምን ድጋፍ ተያዘለት? አርሲ በስንዴና በገብስ አገሪቱን ከሚቀልቡት አካባቢዎች አንዱ እንደመሆኑ ጥያቄው በቀጥታ ይነካዋል።

ሁለተኛው ውኃ ነው። አንድ መንደርደሪያ 4 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 60 ሜትር ስፋት ቢኖረው ብቻውን 24 ሔክታር መሬት በአስፋልት ይሸፍናል። በአንድ የክረምት ቀን 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል በዚህ ንጣፍ ላይ የሚወርደው ውኃ 12 ሺ ሜትር ኩብ ይደርሳል፤ 10 ሜትር ኩብ በሚይዝ ቦቴ ቢጫን 1 ሺ 200 ምልልስ ማለት ነው። ቀድሞ አፈሩ ይመጠው የነበረው ይህ ውኃ አሁን በአንድ ጊዜ በቦይ ይወርዳል። የአውሮፕላን መቆሚያው፣ ሕንፃውና መንገዱ ሲጨመሩበት መጠኑ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ውኃው የት ይጠራቀማል፣ በየት በኩል ይለቀቃል፣ ከታች ያለውን ማሳ እንዳይሸረሽር ምን ተሠርቷል የሚለው ከዲዛይኑ ጋር መመለስ ያለበት ጉዳይ ነው።

በቢሾፍቱ ዙሪያ የሚጥለው ዝናብ መውረጃው በአመዛኙ ወደ ሞጆና ወደ አዋሽ፣ ከዚያም ወደ ቆቃ ነው። የቆቃ ግድብ በደለል መሞላቱ ለረጅም ዓመታት የኖረ ችግር ነው። በግንባታ ወቅት የሚቆፈረው አፈር በጥንቃቄ ካልተያዘ ደለሉ ይብሳል። ከቆቃ በታች ደግሞ የወንጂ ሸንኮራ ማሳዎች፣ በአርሲ ዞንም እንደ መርቲና ጀጁ ያሉ የአዋሽ ተጎራባች ወረዳዎች አሉ። ስለዚህ የአቡሴራ የውኃ አያያዝ ዕቅድ የአርሲንም የቆላ አርሶ አደር ይመለከታል።

ሦስተኛው አፈሩና ካባው ነው። ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለጤፍ መልካም የሆነው ይህ ባሕርይ ለመንደርደሪያ አይመችም። በመሆኑም አፈሩ ተቆርጦ ወጥቶ በምትኩ ሰሌክት ማቴሪያል ይሞላል። የሚወጣው ለም አፈር የት ይወሰዳል? የሚገባው ድንጋይና ገረጋንቲ ከየትኛው ተራራ ይቆረጣል? ካባው ሥራው ሲያልቅ ይደፈናል ወይስ ከብትና ሕፃን የሚሰምጥበት ኩሬ ሆኖ ይቀራል? ይህ ችግር ለአርሲ አዲስ አይደለም። መንገድ በተሠራበት ሁሉ ያልተደፈነ ካባ የሚያውቅ አርሶ አደር ብዙ ነው። የተቆረጠውን ለም አፈር በጎን አከማችቶ ለተራቆተ መሬት መልሶ ማልበስ ይቻላል፤ ነገር ግን በውሉ ውስጥ ካልተጻፈ ተቋራጩ በራሱ ፈቃድ አይሠራውም።

አራተኛው ከነዳጅና ከእሳት ማጥፊያ አረፋ የሚመጣ ብክለት ነው። በስዊድን ሮነቢ ከተማ አቅራቢያ ካሊንጌ በተባለ ሥፍራ ከጦር አውሮፕላን ማረፊያ የእሳት ማጥፊያ ልምምድ የወጣ ኬሚካል ወደ ከርሰ ምድር ዘልቆ የነዋሪውን መጠጥ ውኃ መበከሉ እ.ኤ.አ. በ2013 ታወቀ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በነዋሪዎቹ ደም ውስጥ የተገኘው የኬሚካል መጠን ራሱ የአካል ጉዳት እንደሆነ ወስኗል። ያ አረፋ ጥቅም ላይ በዋለበት ዘመን ይህን የጠየቀ አልነበረም። ዛሬ ግን ጉዳቱ ስለሚታወቅ ከኬሚካሉ ነፃ የሆነ አረፋ እንዲገዛና የጉድጓድ ውኃ ከግንባታው በፊት እንዲመረመር መጠየቅ ይቻላል። ከበፊቱ የተወሰደ ናሙና ከሌለ በኋላ የሚመጣ ብክለት ምንጩን ማረጋገጥ ከባድ ነው።

አምስተኛው ወፎች ናቸው። ቢሾፍቱ የሐይቆች አገር ነው፤ የጨለለቃ ረግረግም ብዙ የውኃ ወፎች የሚያርፉበት ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሊበር የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የእርግቦች መንጋ ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶበት ለመመለስ ሲሞክር ወድቆ ከ104 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 35ቱ ሕይወታቸውን አጥተዋል። የአካባቢ ግምገማ ለወፍና ለሣር ብቻ የሚጨነቅ ሥራ የሚመስለው ካለ ይህን አደጋ ማስታወስ ይበቃዋል። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመሪያ ወፍ የሚስቡ እንደ ቆሻሻ መጣያ ያሉ ሥፍራዎች ከአውሮፕላን ማረፊያ ቢያንስ 13 ኪሎ ሜትር እንዲርቁ ይመክራል። ይህም ማለት ከአጥሩ ውጭ ያለው አርሶ አደር ጭምር ስለ እህል ክምር፣ ስለ ኩሬና ስለ ቆሻሻ አጣጣል አዲስ ገደብ ሊገጥመው ይችላል። ገደቡ የሚመጣ ከሆነ አስቀድሞ ሊነገረውና ከገደቡ ለሚደርስበት ኪሳራ መላ ሊፈለግለት ይገባል።

አርሲ የሚያስታውሰው

ልማት ሲመጣ በማኅበረሰቡ ላይ የሚያደርሰውን አስቀድሞ ያለማየት ዋጋ ለአርሲ ደጋ በታሪክ የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ፣ ምርጥ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና የተዳቀሉ ላሞችን ለአካባቢው አርሶ አደር አስተዋውቋል። አርሲ ዛሬ በስንዴ ለሚታወቅበት ደረጃ የካዱ ድርሻ ትልቅ ነው።

ይሁን እንጂ ስንዴ አትራፊ መሆኑ ሲታወቅ ብዙ ባለ መሬቶች ትራክተር እየገዙ ወይም እየተከራዩ መሬቱን በራሳቸው ማረስ ጀመሩ። ጭሰኞች ለትውልድ ካረሱት መሬት ተነሱ፤ የቀሩትም ኪራይ ተጨመረባቸው። ድርጅቱ የተቋቋመው ለትንሹ አርሶ አደር ነበር፤ የመሬት ሥሪቱ ሳይለወጥ ቴክኖሎጂው ሲገባ ግን ትንሹን አርሶ አደር ራሱን አፈናቀለ። መሬት ላራሹ የሚለው ጥያቄ ሲነሳ የጭላሎ ጭሰኞች ጉዳይ በምሳሌነት መጠቀሱ በአጋጣሚ አልነበረም።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ካዱ መምጣት አልነበረበትም የሚል አይደለም። ዘሩና ማዳበሪያው ለምርቱ የሚያደርገው በጥንቃቄ ተጠንቶ ነበር፤ በጭሰኛው ኑሮ ላይ የሚያመጣው ግን በቂ መከላከያ አልተበጀለትም። የዛሬው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ማኅበራዊውን ክፍል አብሮ እንዲይዝ የሚጠየቀው እንዲህ ዓይነቱ ስህተት እንዳይደገም ነው።

ሕዝብን ያላማከረ ማረፊያ

የመቸኮል ዋጋ ለፕሮጀክቱ ባለቤትም እንደሚተርፍ የጃፓኑ ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ያሳያል። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1966 ሳንሪዙካ በተባለ የእርሻ መንደር ላይ ማረፊያ እንዲገነባ ሲወስን አርሶ አደሮቹን አላማከረም ነበር። ተቃውሞው ለዓመታት ቀጠለ፤ ከፖሊስም ከተቃዋሚዎችም ሕይወታቸውን ያጡ ነበሩ። ማረፊያው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1978 ሥራ ሲጀምር ከታቀዱት መንደርደሪያዎች አንዱ ብቻ ነበር ያለው። ሁለተኛው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን፣ መሬታቸውን ያልለቀቁ አርሶ አደሮች ስለነበሩ 2 ሺ 180 ሜትር ላይ እንዲያጥር ተደርጓል። መንግሥት በ1990ዎቹ ለአርሶ አደሮቹ ይቅርታ ጠይቋል።

ጃፓን ገንዘብም ዕውቀትም አልጎደላትም። የጎደለው በመጀመሪያው ዓመት ከአርሶ አደሩ ጋር መቀመጥ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ያልተደረገ ውይይት ለሁለተኛው መንደርደሪያ የብዙ ዓመታት መዘግየት አስከተለ። ግምገማና ምክክር ሥራ ያጓትታሉ የሚል አመራር ሒሳቡን ከዚህ አንጻር ሊያየው ይገባል።

ካሳው ከምዝገባ ይጀምራል

በ2011 ዓ.ም. የወጣው መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የሚለቀቅበት፣ ካሳ የሚከፈልበትና ተነሺዎች መልሰው የሚቋቋሙበት አዋጅ ቁጥር 1161 ከቀድሞው የተሻለ ድንጋጌ ይዞ መጥቷል። ተነሺዎች መሬታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነትና ጥቅም እንዲወያዩ ያዛል። ምትክ መሬት የማያገኝ የገጠር ባለይዞታ ከንብረቱ ካሳ በተጨማሪ የልማት ተነሺ ካሳ የሚሰላለት ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ ነው። በ1997 ዓ.ም. በወጣው ቀዳሚ አዋጅ ስሌቱ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ 10 እጥፍ ነበር። የ2011 አዋጅ በኋላ የተሻሻለ በመሆኑ የወረዳ የመሬት ጽሕፈት ቤቶች ማን ይከፍላል፣ አቤቱታስ የት ይቀርባል የሚለውን ከማሻሻያው ጋር አያይዘው ለነዋሪው ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል።

እዚህ ላይ አርሶ አደሩ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ የሚባለው በማስረጃ የሚረጋገጥ ነው። አንድ አርሶ አደር በጥሩ ዓመት ከማሳው 100 ሺ ብር ቢያገኝና ቢመዘገብለት ስሌቱ 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ብር ይደርሳል። ምርቱ በግምት ተመዝግቦ 60 ሺ ብር ቢባል ግን 900 ሺ ብር ይሆናል። በአንድ ዓመት መዝገብ ላይ የጎደለው 40 ሺ ብር በካሳው ላይ 600 ሺ ብር ሆኖ ይጎድላል።

ከመዝገብ የሚወጡ ሰዎችም አሉ። መሬት በእኩል የሚያርሰው፣ በኪራይ የያዘው፣ በወላጆቹ ይዞታ ላይ ጎጆ የቀለሰው ወጣትና በወል ግጦሽ ላይ ከብት የሚያሰማራው አባወራ ደብተር የላቸውም። ኑሯቸው ግን በዚያው መሬት ላይ የተመሠረተ ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ ስሟ ያልሰፈረ ሚስትም ገንዘቡ ሲከፈል ከውሳኔው ልትወጣ ትችላለች። ጥሩ ማኅበራዊ ግምገማ እነዚህን ሁሉ በስም ቆጥሮ የሚነሳ ነው። በደብተር ብቻ የሚቆጥር ግምገማ ግማሹን መንደር ሳያይ ያልፋል።

ገንዘብ ብቻውን መልሶ እንደማያቋቁምም ደጋግሞ ታይቷል። ዕድሜውን በእርሻ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ብር ቢቀበል ንግድ ካልለመደ ብሩ ቶሎ ይበተናል። አዋጁ ክልሎች ለተነሺዎች መልሶ ማቋቋሚያ ፈንድ እንዲያቋቁሙ የሚያዘው ለዚሁ ነው። በአቡሴራ በሺዎች የሚቆጠሩ የአካባቢው ሰዎች ወደ አዲስ ሥፍራ መዛወራቸው ተነግሯል። የፕሮጀክቱ ስኬት የሚለካው ቤቱ በተረከቡበት ቀን አይደለም። ከሦስትና ከአምስት ዓመት በኋላ እነዚያ ቤተሰቦች ቀድሞ ከነበራቸው ኑሮ ያላነሰ መኖራቸው ሲረጋገጥ ነው።

ከወረዳና ከቀበሌ ምን ይጠበቃል?

ትልልቅ ፕሮጀክቶች በፌዴራል ደረጃ ቢወሰኑም የሚያርፉት ቀበሌ ላይ ነው። በመሆኑም ፕሮጀክት ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ብዙ ነገር በወረዳው እጅ አለ።

አንደኛ፣ የወረዳው የአካባቢ ጥበቃና የመሬት ባለሙያዎች የግምገማው ሪፖርት መጠናቀቁንና ፈቃድ ማግኘቱን ከማንኛውም የመሬት ርክክብ በፊት በጽሑፍ መጠየቅ አለባቸው። ሪፖርቱ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አጭር ማጠቃለያ እንዲኖረውና በቀበሌ ጽሕፈት ቤት እንዲቀመጥ መጠየቅም ተገቢ ነው። ሰው ያላነበበው ሪፖርት ላይ አስተያየት አይሰጥም።

ሁለተኛ፣ ውይይቱ ከስብሰባ በላይ መሆን አለበት። አዳራሽ ሞልቶ፣ አጨብጭቦና ፈርሞ መበተን ምክክር አይባልም። ሴቶች ለብቻቸው፣ ወጣቶች ለብቻቸው፣ በአካባቢው የሚከበሩ አባ ገዳዎችና ሀደ ሲንቄዎች በተገኙበት ሲወያዩ የሚወጣው ሐሳብ የተለየ ነው። የተነሳው ጥያቄና የተሰጠው ምላሽ በቃለ ጉባኤ ተይዞ ለነዋሪው ተመልሶ ሊነበብ ይገባል።

ሦስተኛ፣ የልማት ሠራተኞች የምርት መረጃን ለሪፖርት ብቻ ሳይሆን ለአርሶ አደሩ ማስረጃነት እንዲያገለግል አድርገው መያዝ አለባቸው። በማሳ፣ በሰብልና በዓመት ተለይቶ የተመዘገበና አርሶ አደሩ ቅጂ የያዘው መረጃ በካሳ ጊዜ ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል።

አራተኛ፣ ፕሮጀክት ሲወራ ደላላ ይቀድማል። መሬቱን በርካሽ በውል አሳልፎ የሚሰጥ፣ ለካሳ ብሎ ቤት የሚተክል፣ የወል መሬት የሚያጥርም ይበዛል። ወረዳው ትክክለኛውን መረጃ በወቅቱ ካልሰጠ ክፍተቱን የሚሞላው ደላላው ነው።

አምስተኛ፣ ክትትሉ ፈቃድ በመስጠት አያበቃም። አቧራው በሰብል ላይ እንዳይቀመጥ ውኃ ይረጫል የተባለው መረጨቱን፣ ካባው መደፈኑን፣ ቦዩ ወደ ማሳ አለመለቀቁን በየወሩ የሚያይ የወረዳ ባለሙያና የነዋሪ ኮሚቴ ያስፈልጋል።

አርሶ አደሩም ድርሻ አለው። የይዞታ ደብተሩን ማደስ፣ የባልና የሚስት ስም መኖሩን ማረጋገጥ፣ የሸጠበትን ደረሰኝና የኅብረት ሥራ ማኅበሩን መዝገብ ማስቀመጥ፣ ዛፉንና የጉድጓድ ውኃውን ማስመዝገብ ዛሬ የሚሠራ ሥራ ነው። ለዚህ ፕሮጀክት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም።

በአቡሴራ የአፈር ሥራው ተጀምሯል፤ ዋናው ግንባታ ገና ከፊቱ ዓመታት አሉት። የውኃ መውረጃው፣ የካባው፣ የአረፋውና የመልሶ ማቋቋሙ ጥያቄዎች በእነዚህ ዓመታት መልስ ማግኘት የሚችሉ ናቸው። አርሲ ደግሞ የጎረቤቱን ልምድ እያየ ከወዲሁ ለመዘጋጀት ዕድል አለው። አበው ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። መሬት አንዴ በአስፋልት ከተሸፈነ ወደ ማሳነት አይመለስም፤ ስለዚህ ጥያቄው ሁሉ መነሳትና መመለስ ያለበት ማሳው ገና ማሳ ሳለ ነው።